መልስ፦ ፕሬዚዳንቱ ዲቪን ማጥፋት ይችላሉ?
ወንድሜ፣ «የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በአንድ ፊርማ ዲቪን (የቪዛ ሎተሪውን) ማጥፋት ይችላሉ ወይ?» ላልከው፣ ማጥፋት አይችሉም። ለጊዜው ማገድ ግን ይችላሉ፣ እሱም ቀላል አይደለም።

ዲቪን የፈጠረው ኮንግረስ (ሴኔቱና የተወካዮች ምክር ቤቱ ያሉበት የአሜሪካ ሕግ አውጪ) እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ሕግን የሚሽረው ሌላ ሕግ ነው። በ2013 ሴኔቱ ዲቪን የሚያስቀር ረቂቅ 68 ለ 32 አሳልፎ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ግን ለድምፅ እንኳ ሳያቀርበው ቀረ። በቃ፣ እዚያው ሞተ።

የ2020ውን ደግሞ ተመልከት። ትራምፕ በኮሮና ጊዜ ባወጡት አዋጅ የዲቪ እድለኞችም ታገዱ። ሥልጣኑን ከየት አመጡት ካልክ፣ የውጭ ሰው እንዳይገባ እንዲያግዱ በሌላ ሕግ የፈቀደላቸው ያው ኮንግረስ ነው! ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የዓመቱ የዲቪ ቪዛ ደግሞ በሕጉ ሴፕቴምበር 30 ካለፈ አይሰጥም። ሳምንታት ሲቀሩ የዋሽንግተኑ ዳኛ አሚት ሜህታ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ቶሎ ቶሎ እንዲያስተናግዳቸው አዘዙ። ያም ሆኖ ብዙዎች አልደረሰላቸውም። ዳኛ ያዛል እንጂ ኤምባሲ ገብቶ ቪዛ አይመታም።