እግዚአብሔር አካል ሊኖረው ይችላል?

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር መንፈስ ነው እንላለን። ሁሉን ቻይ ከሆነ ግን ሥጋ ሊኖረው አይችልም ማለት ኃይሉን መገደብ አይሆንም? መጽሐፍ ቅዱስ «እጁ»፣ «ዓይኑ» የሚለውስ ምኑን ነው?
አንባቢያችሁ ከደሴ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ጠይቀውናል። እግዚአብሔር በባሕርዩ ግዙፍ (እንደ ሥጋ የሚዳሰስ) አካል ነው ወይ? የሚለው አንዱ ነው፤ አካል ሊኖረው ይችላል ወይ? የሚለው ሌላው።

ለመጀመሪያው አይሁዳዊው ፈላስፋ ማይሞኒደስም የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስም «አይደለም» ብለዋል። ግዙፍ ነገር ሁሉ ቦታ ይይዛል፣ ይከፈላል። የሚከፈል ነገር ህልውናው በክፍሎቹ ላይ የቆመ ነው፤ ክፍሎቹን አንድ ያደረገ ምክንያትም ይሻል። ምክንያት የሚሻ ደግሞ የሁሉ መጀመሪያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ «እጁ» ሥልጣኑን፣ «ዓይኑ» ዕውቀቱን ያመለክታል። በአገራችንም ጉዳዩ በ15ኛው መቶ ዘመን አከራክሯል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘፍጥረት 1፥26ን ይዘው እግዚአብሔር ሰውን የሚመስል መልክ አለው ሲሉ፣ ዘሚካኤላውያን የተባሉ ክርስቲያኖች ተቃውመዋቸዋል።

ይህ ማስረጃ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ አይነካም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንድ አካል «የእኔ» የሚባለው በምንድን ነው? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሪቻርድ ስዊንበርን ካነሷቸው መለኪያዎች ሦስቱን እንውሰድ። ያለ መሣሪያ አንቀሳቅሰዋለሁ፤ የሚደርስበትን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤ ዓለምንም የማየው እሱ ካለበት ቦታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ከተመዘነ እግዚአብሔር ለዓለም ሁሉ እንዲሁ ነው። ሦስተኛው ግን አይስማማውም፣ በቦታ አይወሰንምና። ዓለም የእግዚአብሔር አካል ነው የሚለው አስተሳሰብ የማያዛልቀው ለዚህ ነው።

ወደ ሥጋዌ፣ ማለትም አምላክ ሰው ሆነ ወደሚለው እምነት ስንመጣ (ማይሞኒደስ ይህን አይቀበሉም) ወሳኙ ነገር አኳኋኑ ነው። በዮሐንስ 1፥14 ቃል ሥጋ ሆነ ሲባል መለኮት ወደ ሥጋ ተለወጠ ከተባለ፣ ከላይ ያለው ማስረጃ ያፈርሰዋል። ሳይለወጥ ሥጋን ተዋሐደ ከተባለ ግን አይነካውም፤ ሁሉን ቻይነቱም አይጎድልም። ቤተ ክርስቲያን «ያለ መለወጥ፣ ያለ መቀላቀል» በሚለው ላይ አጥብቃ የምትቆመው ስለዚህ ነው። ሊቃውንቱ የጋለ ብረትን ይጠቅሳሉ፦ መዶሻ ሲያርፍበት የሚጠፈጠፈው ብረቱ ነው፤ እሳቱ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ አይጎዳም። ምሳሌው የሚደክምበት ቦታ ግን አለ። ብረት ከምድጃ ሲወጣ ይበርዳል፣ እሳቱም ይለየዋል፤ በቅዳሴው የምንሰማው የእምነት ቃል ግን መለኮቱ ከትስብእቱ (ከሰውነቱ) የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልተለየም ይላል።