ቅጠሉን ቀደድ አድርጋችሁ እዩት፦ የሩዝ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከጎንደር አካባቢ የመጡልኝ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ሩዝ ናቸው።

«ችግኙ ገና ለጋ ነው። ቅጠሉ ላይ ነጫጭ መስመር ወጣበት፤ ጫፉም ደረቀ። ውኃ አጥቶ ይሆን?» (ከደንቢያ)

መስመሩ የቅጠሉን ርዝመት ተከትሎ ከሄደ የውኃ ችግር አይመስለኝም። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንስተው ይዩት። አበጥ ብሎ የሳሳ ቦታ ካገኙ በጥፍርዎ ቀደድ ያድርጉት። ውስጡ ጠፍጣፋ፣ ነጣ ያለ ትል ካለ የአፍሪካ የሩዝ እሾሃማ ጥንዚዛ ልጅ ሊሆን ይችላል። በሳይንስ ስሟ ትሪኪስፓ ሴሪሲያ ትባላለች። ቁመቷ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠቆር ያለች፣ ጀርባዋ እሾህ በእሾህ። እንቁላሏን ከቅጠሉ ቆዳ ሥር ትደብቃለች። ትሉም በላይኛውና በታችኛው ቆዳ መሃል አረንጓዴውን እየበላ ያድጋል፤ ክንፍ እስኪያወጣ ከዚያ አይወጣም።

«ታዲያ ዛሬውኑ መድኃኒት ልርጭ?» (ከፎገራ)

እባክዎ ይቆዩ! ትሉ ቅጠል ውስጥ ስለሆነ ላይ ላዩን የተረጨ መርዝ በቀላሉ አያገኘውም። የሚያገኘው ትሉን የሚገድሉልንን ጥቃቅን ተርቦች ነው። ከማሳ የታጠበው መርዝ ደግሞ በጉማራና በርብ አድርጎ ጣና ይገባል። ይህን ሳስብ ያመኛል።

ችግኝ ነቅለው የሚተክሉ ከሆነ አስቀድመው የቅጠሉን ጫፍ ቆርጠው ይቅበሩት፤ እንቁላሉ የሚበዛው እዚያ ነው። በብተና ከዘሩ የማሳውን ዳር ሣር ያጽዱ፤ ጥንዚዛዋ እዚያም ትኖራለች። ዩሪያም አያብዙ። ደግሞ ሩዝ ጠንካራ ነው፤ ከፍ ካለ በኋላ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ብዙ ጊዜ ያገግማል። የሚያሰጋው የችግኙ ወቅት ነው። ማሳው በሙሉ ከነጣ ግን ቅጠሉን ይዘው የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ያማክሩ።

«ጎተራ የገባውንስ ትበላለች?» (ከጎንደር ከተማ)

አትበላም። የእሷ ምግብ ለምለም ቅጠል ነው። ጎተራውን የሚፈጀው ነቀዝ ነው።

«ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተክሉ ቀጨጨ። ይህም የእሷ ሥራ ነው?» (ከሊቦ ከምከም)

የማዳበሪያ እጥረትም ቅጠል ያቢጫል። ቢጫው ዥንጉርጉር ከሆነ ግን ቫይረስ ይጠርጥሩ። በ1966 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ የታየ የሩዝ በሽታ አለ፤ ይህቺ ጥንዚዛ ከተክል ወደ ተክል ታዛምተዋለች። ለታመመው ተክል መድኃኒት የለውም፤ ነቅለው ያስወግዱት። በዘር ስለማይተላለፍ ለዘር ያስቀመጡትን ሩዝ አይጣሉት።