የገዛችሁበት ዋጋ ለገዢው ምኑም አይደለም

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት በሒሳብ ሥራ ቆይቻለሁ። ንግድ ጀማሪ ወጣቶች ሲያማክሩኝ አብዛኞቹ ዋጋ የሚያወጡት በአንድ መንገድ ነው። የገዙበትን ይይዛሉ፣ ትራንስፖርቱን ይደምራሉ፣ ትርፍ ይጨምሩበታል፣ አለቀ። ገዢው ግን ስንት እንዳወጣችሁ አያውቅም፣ ቢያውቅም ግድ የለውም። እሱ የሚያየው ዕቃው ምን እንደሚጠቅመውና ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ በስንት እንደሚያገኘው ነው።

ይህን በሽንኩርት ነው የተማርኩት። ወጣት ሳለሁ፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ለፋሲካ መወደዱ አይቀርም ብዬ ካጠራቀምኩት ደመወዝ ሽንኩርት በኩንታል ገዛሁ። ለካ እንደኔ ያሰበው ብዙ ነበር፤ በሕማማት ሳምንት ገበያው በሽንኩርት ተጥለቀለቀ። ለአንድ ዶሮ ወጥ የሚገባው ሽንኩርት ደግሞ የታወቀ ነው፣ ስለረከሰ ማንም እጥፍ አይከትፍም። ስለዚህ ትንሽ ሲተርፍ ዋጋው ዘጭ ይላል። (ሲጠፋም እንዲሁ ነው፤ ያለ ሽንኩርት ዶሮ ወጥ ስለማይሠራ ሰው በተባለው ይገዛል።) እኔ ከገዛሁበት በታች አልሸጥም ብዬ ድርቅ አልኩ። ከበዓሉ በኋላ ጆንያውን ስፈታ ግማሹ በስብሶ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ሽታውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የከፈልኩት ገንዘብ እንደሆነ አንዴ ወጥቷል፤ መጠየቅ የነበረብኝ የዛሬው ገዢ ይሻላል ወይስ የነገው የሚለውን ብቻ ነበር።

ሰፈራችን ጉሊት የሚቸረችሩ እናት ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ጠዋት ቲማቲሙን አራት አራት አድርገው ይደረድሩታል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዋጋውን ሳይነኩ መደቡን አምስት ያደርጉታል። ሲመሽ ስድስት፣ ከነምራቂው። ነገ የሚለሰልስ ቲማቲም ስንት እንደሚያወጣ ማንም አላስተማራቸውም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዓለም የቡና ዋጋ ሲወድቅም ብዙ የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት ተክሏል። ጫት ይሻላል እያልኩ አይደለም። ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፣ የአባት የአያት ተክል ነው፣ መንቀሉ ያማል። ገበሬው ግን ያሰበው መሬቱ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚያስገኝለት ነው።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ልጅ የካፌውን መዝገብ ይዞ መጣ። ካፌውን የከፈተው በአባቱ ቤት ነው። «ኪራይ ስለሌለብኝ በወር 15,000 ብር አተርፋለሁ» አለኝ። ቤቱ ቢከራይስ ስንት ያወጣል? አልኩት። ትንሽ አሰበና «20,000 አያጣም» አለ። እሱ ራሱ ከንጋት እስከ ማታ ማሽኑ ላይ ቆሞ ይውላል፣ ለራሱ ግን ደመወዝ አልጻፈም። እኔ በጊዜው የጠፋውን ገንዘብ አልለቅም አልኩ፣ እሱ ደግሞ በየወሩ የሚያጣውን አይቆጥርም፤ ከኪሱ ስላልወጣ አይታየውም። የማኪያቶውን ዋጋ ከመነካካቱ በፊት ኪራዩንና የራሱን ደመወዝ መዝገቡ ላይ እንዲያሰፍር ነገርኩት። ቅዳሜ ይዞት ይመጣል፣ አብረን እናየዋለን።