በፔናንግ ጎዳና ላይ ሲበላ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ማሌዥያ ውስጥ በፔናንግ ግዛት፣ ጆርጅ ታውን ከተማ ላይ አስጎብኚ ይዘን፣ በእግር እየዞርን የመንገድ ምግብ ልንቀምስ ነው። ስምንት ነን። አራት ሰዓት ይፈጃል፣ ሰባት ዓይነት ምግብ አለው ተብለናል። ቀድመውን የሄዱ ሰዎች ግን ሦስተኛው ላይ ጠግበው እንደቆሙ ነገሩን። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሰዎቹን ያጠገባቸው እያንዳንዱ የየራሱን ሰሃን መያዙ ነው። ሰሃኑ ትንሽ ቢመስልም ለአንድ ሰው በቂ ራት ነው። ሾርባ ያለውን ለሁለት፣ የተጠበሰውን ለሦስት ተካፈሉ። በአሳም ላክሳ ጀምሩ፤ በሮቃ የጎመዘዘ የዓሣ ሾርባ ነው፣ ኪያር፣ አናናስና ናና ስላለበት ምግብ ይከፍታል። በወጥ የራሰውን ሩዝ፣ ናሲ ካንዳርን፣ ወደ መጨረሻ አቆዩት። ቼንዶል ጣፋጭ ቢሆንም መሀል ላይ ይሁን። የተፈጨ በረዶ፣ የኮኮናት ወተትና የዘንባባ ስኳር ስለሆነ ወበቁን ያስታግሳል።

ቻር ኮይ ቲያው የሚባለው የሩዝ ኑድል ጥብስ ላይ ግን አትቸኩሉ። ዎክ የሚባለው ጎድጓዳ መጥበሻ እስኪጨስ ይግላል፤ ስብና ነጭ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ሽሪምፕ፣ ከዚያ ሰፋፊው የሩዝ ኑድል ከአኩሪ አተር ሶስና ከተፈጨ ቃሪያ ጋር ይገባል። ጠባሹ ኑድሉን ወደ ዳር ገፍቶ እንቁላል ይሰብርበታል፤ የማሾ በቆልትና ከራንግ የሚሉት ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ሥጋ መጨረሻ ላይ ይጨመራሉ። አስጎብኚው «ለስምንት ሰው» ብሎ አንድ ላይ ካዘዘ ዎኩ ይቀዘቅዛል፣ በቆልቱ ውኃ ያወጣል፣ ኑድሉም መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል፤ ይጣበቃል፣ ይበጣጠሳል፣ የጭሱ መዓዛም ይጠፋል። ሦስት ሰሃን አንድ በአንድ ተጠብሶ ይምጣ በሉ፤ መጠበቁ ያዋጣል። ከራንጉ እሳት የሚያየው ለጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ግማሽ ጥሬ ነው፣ ሄፓታይተስ ኤ ሊያስተላልፍ ይችላል። «ታ ማው ከራንግ» ብትሉ ይተውላችኋል።

ጥያቄ፦ ከመካከላችን ሙስሊሞችም፣ ጾም ላይ ያሉ ኦርቶዶክሶችም አሉ። አብረን መዞር እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ ከምግቡ ስም ይልቅ አብሳዩን እዩ። ያው ቻር ኮይ ቲያው ቻይናዊ ሲጠብሰው በአሳማ ስብ ነው፣ ሙስሊም ሲጠብሰው በዘይት። ብዙ ሰው የሚሸወደው ሆኪየን ሚ በሚባለው የኑድል ሾርባ ነው፦ ላዩ ላይ ሽሪምፕ ይታያል እንጂ መረቁ የአሳማ አጥንት አለበት። ናሲ ካንዳርን የሚሸጡት የታሚል ሙስሊሞች ናቸው። የመንግሥት የሃላል ምልክት በትንንሽ ጋሪዎች ላይ ሁሌ አይለጠፍም፤ ስለዚህ መጠየቅ አይቅር።

ለጿሚዎች የሚሻለው ሊትል ኢንዲያ የሚባለው የሕንዶች ሰፈር ነው። ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክቶ አድሮ፣ እንደ እንጀራ ምጣድ ላይ የሚጋገረውን ቶሳይ ያለ ቅቤ ይዘዙ፤ ካልተናገሩ ጊ የሚሉት ንጥር ቅቤ ሊቀባበት ይችላል። አብሮት የሚቀርበውን የኮኮናት ማባያም እርጎ እንደሌለበት ጠይቁ። ቼንዶልም የጾም ነው። ሳምባል የሚባለውን ቀይ ማባያ ግን ተጠንቀቁ፤ በላቻን፣ ማለትም ተብላልቶ የደረቀ የሽሪምፕ ድቅቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ አለበት። የሽሪምፕ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ይህ ከጾሙም በላይ ያሳስባል። ቡናውም ሊያስገድፍ ይችላል፦ የአካባቢው ፍሬ የሚቆላው ብዙውን ጊዜ ከስኳርና ከማርጋሪን ወይም ከቅቤ ጋር ነው። «ቴህ ኦ» ካሉ ወተት የሌለው ሻይ ይመጣል።

ጥያቄ፦ መቼ እንሂድ? ካርድስ ይሠራል?

መልስ፦ ምሽት ይሻላል፤ የቹሊያ ጎዳና ጋሪዎች የሚወጡት ሲመሻሽ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ የሙስሊም ቤቶች ለጸሎት ሊዘጉ ይችላሉ፣ በረመዳን ቀን ላይ አብዛኞቹን አያገኟቸውም። በቻይና አዲስ ዓመት ደግሞ ቻይናውያኑ ለቀናት ይዘጋሉ።

በካርድ ፈንታ ዝርዝር ሪንጊት፣ የማሌዥያን ገንዘብ፣ ያዙ፤ የ1፣ የ5 እና የ10። ኮፒቲያም በሚባሉት ቡና ቤቶች ውስጥ ምግቡን ከየጋሪው ያዛሉ፣ ሲመጣ ይከፍላሉ፤ መጠጡ ግን የቤቱ ባለቤት ገቢ ስለሆነ ጠረጴዛ ይዞ ምንም አለመጠጣት ያስኮርፋል። ጉርሻ ልማድ አይደለም። አስጎብኚ በማሌዥያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ቅድሚያ ከመክፈላችሁ በፊት መታወቂያውን አሳየን በሉት።