ብቻችሁን ልትጓዙ ለተነሣችሁ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

"ብቻዬን ልሂድ ወይስ ጓደኛ ልጠብቅ?" የምትሉኝ በርክታችኋል። ሂዱ። ጓደኛ የሚጠብቅ ሰው የእሱ ፈቃድ ሲወጣ የጓደኛው አይወጣም፣ የጓደኛው ሲወጣ ገንዘቡ ያልቃል። እኔ የሄድኩት በአርባ ዓመቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኮሎምቦ ላይ የነበረኝ ስልጠና ሲያልቅ የዓመት ፈቃዴን አስከትዬ ስሪላንካን ሦስት ሳምንት ዞርኩ፤ አንድ የጀርባ ቦርሳ ይዤ። ቀደም ብዬ ባለመሄዴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለ ብቻ ጉዞ ሰው የሚያስጠነቅቃችሁ ስለ ሌባና ስለ አጭበርባሪ ነው። እነሱም አይጠፉም፤ እኔን ለአደጋ የዳረገኝ ግን ሌላ ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ "ኧረ ተይ" የሚላችሁ የለም። ሁለት ሰው ሲጓዝ አንዱ ይደክመዋል፣ አንዱ ይፈራል፣ ይጨቃጨቃሉ፤ በጭቅጭቁ መሃል ስህተቱ ይያዛል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን ከራሱ ጋር ቶሎ ይስማማል።

ሥራዬ የዝናብና የወንዝ መረጃ መተንተን ነው፤ ስለዚህ የአገሩን አየር አጥንቼ ነበር የሄድኩት። ስሪላንካ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ ዝናቧ ግን አንድ አይደለም። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው፣ ሞንሱን የሚባለው ዝናብ አዘል ነፋስ ኮሎምቦን፣ የጎል ከተማንና የተራራማውን አካባቢ ምዕራባዊ ጎን ያርሳል። በዚያው ሰሞን ምሥራቁ ደረቅ ነው፤ አሩጋም ቤይ በሞገድ ተንሸራታቾች የሚሞላው ያኔ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ተራው ይገለበጣል። እና "የስሪላንካ የዝናብ ወቅት መቼ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ የትኛው ዳርቻ እንደሆነ ጨምራችሁ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ አውቄ፣ በሐምሌ ወር፣ ስሪ ፓዳ ልውጣ አልኩ። ፈረንጆች የአዳም ጫፍ የሚሉት ተራራ ነው፤ ከፍታው 2,243 ሜትር። ጫፉ ላይ የእግር ዱካ የሚመስል ምልክት አለ፤ ቡድሂስቱ የቡድሃ፣ ሂንዱው የሺቫ፣ ሙስሊሙ የአደም ነው ይላል። የመሳለሚያው ወቅት ከታኅሣሥ ሙሉ ጨረቃ እስከ ግንቦት ሙሉ ጨረቃ ነው። በዚያን ጊዜ ከ5,000 የሚበልጠው ደረጃ ሌሊቱን ሙሉ በመብራት ያሸበርቃል፣ ሻይ ቤቶቹ አይዘጉም፣ ሕዝቡ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት በእኩለ ሌሊት ይነሣል። በሐምሌ ይህ ሁሉ የለም።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት አዛውንት ነበሩ። "አሁን መብራት የለም፣ ሰው የለም፣ አትውጪ ዱዋ" አሉኝ። ዱዋ በእነሱ ቋንቋ ሴት ልጄ ማለት ነው። "ዝናብ እኮ ሥራዬ ነው" ብዬ ሳቅኩ። ከመተኛቴ በፊት በመስኮት ሁለት ሦስት ኮከብ አየሁ፤ በቃ፣ ማስረጃዬ እሱ ሆነ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደሄድኩ ዝናቡ ወረደ። ደረጃው ጅረት ሆነ። በደረጃው ላይ የሚወርደው ውኃ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሆነ መገመት አያቅተኝም ነበር፤ ያቃተኝ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ተንሸራትቼ ጉልበቴን መታኝ። የእጅ ባትሪዬ መደብዘዝ ጀመረ፤ ትርፍ ድንጋዩን ማረፊያ ቤት ትቼዋለሁ። በዳበሳ አንድ የተዘጋ የሻይ ዳስ ሥር ገብቼ ተቀመጥኩ። ካልሲዬ ውስጥ የሚያሳክከኝን ነገር በእጄ ብነካው አልቅት ነው፤ ሰባት ቆጠርኩና ተውኩት። (አልቅት ከያዛችሁ ጎትታችሁ አትንቀሉት፤ ጥፍራችሁን በአፉ በኩል አሾልካችሁ አስለቅቁት። የሚረጨው ነገር ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ቁስሉ ለረጅም ጊዜ ቢደማም አትደንግጡ፤ በሳሙና አጥባችሁ ጫን አድርጋችሁ ያዙት።)

ጎህ ሊቀድ ሲል "ሚስ! ሚስ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአዛውንቱ ልጅ ነው፤ በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በአንድ እጁ ባትሪ ይዟል። እዚያ አገር ጫማ የሚወልቀው ደጃፍ ላይ ነው። አባትየው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሥተው ወደ ደጃፉ ሲያዩ ጫማዬ የለም፤ ወዲያው ልጃቸውን ቀስቅሰው ላኩት። ስመለስ አንድም የቁጣ ቃል አልወጣቸውም። ሻይ ቀዱልኝ፣ ከዘንባባ የሚሠራውን ጠቆር ያለ ስኳር በሳህን አቀረቡልኝ፣ ከዚያ "ነገስ ወዴት ነሽ?" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባረፍኩበት ሁሉ በብጣሽ ወረቀት ሦስት ነገር ጽፌ ለባለቤቱ እሰጣለሁ፦ የምሄድበት ቦታ፣ መንገዱ፣ የምመለስበት ሰዓት። ሌላም ልማድ አወጣሁ፦ ከመወሰኔ በፊት ከውሳኔዬ ምንም የማያተርፍ ሰው እጠይቃለሁ። ሊያደርሳችሁ ዋጋ የተነጋገረ የባጃጅ ነጂ "መንገዱ ደህና ነው?" ሲባል ምን እንደሚመልስ ታውቃላችሁ።

ሕመምም እንደዚያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስሪላንካን ከወባ ነፃ ያላት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ግን አለች፣ ያውም በቀን የምትነክስ። እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ ከ180,000 በላይ ሰው በዴንጊ ተጠርጥሯል። ብቻውን ያለ ሰው ትኩሳት ሲይዘው "ድካም ነው፣ ፀሐይ ነው" ብሎ ራሱን ያሳምናል። አትሸወዱ። ፓራሲታሞል ውሰዱ፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ግን ደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ አትንኩ። ትኩሳቱ ሲወርድ ደግሞ ዳንኩ ብላችሁ አትዘናጉ፤ አደገኛው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው የሚጀምረው። ሆዳችሁን አጥብቆ ካመማችሁ፣ ካስታወካችሁ፣ ድዳችሁ ከደማ 1990 ደውሉ፤ አምቡላንሱ በነፃ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ቦርሳው ከአሥር ኪሎ አይለፍ። ቤተ መቅደስ ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ለፎቶ ብላችሁ ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ አትስጡ፣ በጣም ይቆጣሉ። ሴቶች ልጆቼ፣ በአውቶቡስ ከሴቶች አጠገብ ተቀመጡ፤ "ባልሽ የት ነው?" የሚል ጥያቄ ይሰለቻችኋል፣ "ኮሎምቦ እየጠበቀኝ ነው" በሉና እለፉ። ይህች ውሸት ኃጢአት ከሆነች በእኔ ትሁን።

ከካንዲ ወደ ኤላ በሚሄደው ባቡር ሁሉም ወጣት በክፍት በሩ ተንጠልጥሎ ፎቶ ይነሣል። እኔም አማረኝ፤ ከናኑ ኦያ ስንነሣ ጉልበቴ እንዳበጠ በሩ ላይ ተቀምጬ እግሬን ወደ ውጭ ሰደድኩ። ወዲያው የቦርሳዬ ማንገቻ ከኋላ ተያዘ። ዞር ብል ሣሪ የለበሱ አሮጊት ናቸው፤ አያዩኝም፣ አያናግሩኝም፣ ማንገቻውን ግን በጡጫቸው ጨብጠዋል። ሻይ ተክሉ አለፈ፣ ዋሻው አለፈ፣ አልለቀቁኝም። ሃፑታሌ ሲደርሱ ዘንቢላቸውን አነሡ፣ ማንገቻውን አጠገባቸው ለነበረችው ሴት አስረከቡና ወረዱ።