«ዲስክ ነው» ተብሎ ያልተሻለው ወገብ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ የምተዳደረውም ጥቂት የወተት ላሞች በማርባትና ወተቱን ጠዋት ጠዋት ወደ አዲስ አበባ በማድረስ ነው። ዕድሜዬ 36 ነው። ሄድ መለስ የሚል የወገብ ሕመም ካሠቃየኝ ከዓመት በላይ ሆኖታል። መጀመሪያ «ኩላሊት ነው፣ ውኃ በብዛት ጠጣ» ተባልሁ፤ ቀጥሎ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ብታሽ ባሰብኝ። በአንድ የግል ክሊኒክ ራጅ ተነሥቼ ደግሞ «ዲስክ ነው፣ ከባድ ዕቃ አታንሣ» ተብዬ ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ተወጋሁ። መርፌው ለሁለት ለሦስት ቀን ያስታግሥልኛል፣ ከዚያ ሕመሙ ይመለሳል። በዚህ መካከል ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ ስላስቸገረኝ ታይፎይድ ተብዬ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ክኒን ወስጄ ነበር፤ የሚገርመው ያን ሰሞን ወገቤም ቀለል ብሎኝ ነበር። ክኒኑ ሲያልቅ ግን ሁሉም እንደነበረው ሆነ። ወዳጆቼ «ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ አጥርቶ የሚያሳይ ፎቶ) ተነሣ» ይሉኛል፤ ዋጋውን ስሰማ ግን አንዷን ላም መሸጥ ሊኖርብኝ ነው። ልሽጥና ልነሣ ወይስ በመርፌው ልቀጥል? (የሱሉልታ አንባቢያችሁ)

መልስ፦ ስለ ወገብ ሕመም ከሚጽፉልን አንባቢዎች ለአብዛኞቹ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። የወገብ ሕመም ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶ ያህሉ አደገኛ መንሥኤ የሚገኝባቸው አይደሉም፤ የሚጠቅማቸውም ፎቶ ሳይሆን መንቀሳቀስ፣ ተስማሚ ስፖርትና ፊዚዮቴራፒ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ገበያው ላይ የምናየውን የወገብ ቀበቶ እንኳ እንደ መደበኛ ሕክምና አይመክርም። ለእርስዎ ግን ይህን መልስ ሰጥተን ልናሰናብትዎት አንችልም፤ ምክንያቱም በደብዳቤዎ መካከል በሌላ በሽታ ስም ያለፉት የማታ ትኩሳትና ላብ፣ በእኛ ግምት፣ ከወገብዎ ሕመም ጋር አንድ ታሪክ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ የተባሉትን እንመልከት። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ልስልስ ትራስ፣ ማለትም ዲስክን፣ እንዲሁም ነርቭን አያሳይም። ስለዚህ በራጅ ብቻ «ዲስክ ነው» ማለት ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም። በኤምአርአይ ቢታይ እንኳ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ30 ዓመት ሰዎች ከ10 ውስጥ 4 ያህሉ ያበጠ ዲስክ ይገኝባቸዋል፤ ፎቶው ላይ የታየው ሁሉ ያመመው ነው ማለት አይደለም። ዲስክ ነርቭ ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ ከጉልበት በታች እስከ እግር ጣት ይወርዳል፣ እግር ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም በተረከዝ መራመድ ያቅታል። እርስዎ ስለ እግርዎ ምንም አላነሡም። የኩላሊት ሕመም ደግሞ በአመዛኙ ከመጨረሻው ጎድን በታች በጎን በኩል የሚሰማና ከሽንት ለውጥ ጋር የሚመጣ እንጂ ወተት የሞላ ዕቃ ሲያነሡና ሲያወርዱ የሚባባስ አይደለም።

አሁን እኛ እንጠይቅዎት። ወተቱን ሳያፈሉ ይጠጣሉ? ላም ስትወልድ ያለ ጓንት ጥጃውን ይስባሉ? ጽንስ የጣለች ላም ነበረችዎት? የእንግዴ ልጁን በእጅዎ አንሥተው ጥለዋል? ከነዚህ ለአንዱ መልስዎ «አዎ» ከሆነ ብሩሴሎሲስ የተባለው፣ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ በቅድሚያ ሊታሰብ ይገባዋል። ሄድ መለስ የሚል ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ የወገብና የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም መለያዎቹ ናቸው። ሌላው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ሳይስሉም ሊይዝ ይችላል፤ ቀስ እያለ አጥንቱን ይበላል፣ በጊዜ ካልተደረሰበትም ጀርባን ያጎብጣል። የከብት ቲቢም ቢሆን ባልተፈላ ወተት ወደ ሰው ይገባል።

ታይፎይድ የተባሉት ዊዳል በተባለው የደም ምርመራ ከሆነ፣ ይህ ምርመራ በቀድሞ ሕመም ወይም በሌላ ጀርም ምክንያት ያለ ታይፎይድም «አለ» ሊል እንደሚችል ይወቁ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ብሩሴሎሲስን የሚያመጣውን ብሩሴላንም የቲቢንም ጀርም በከፊል የሚነካ መድኃኒት ነው፤ ያን ሰሞን ቀለል ያለዎት በዚህ ሳይሆን አይቀርም። በከፊል ማዳከሙ ግን ሕመሙን ለጊዜው ያበርዳል እንጂ አያድንም፣ ቆይቶ የሚደረገውን ምርመራም ያደበዝዛል። በምርመራው ላይ የሚኖሩት ሐኪም ክኒኑን መቼ እንደወሰዱ ማወቅ ያለባቸውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ላሟ ለጊዜው ትቆይ። ከአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ደግሞ የሪፈር ወረቀት ሳይዙ ወደ ሆስፒታል አይሂዱ፤ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊቀር ይችላል። የድሮውን ራጅ፣ የመድኃኒት ማዘዣዎቹንና የመርፌዎቹን ስም ይያዙ። ሲገቡ «ወገቤን አሞኛል» ብለው አያቁሙ፤ «ወገቤን ያመኛል፣ ማታ ያተኩሰኛል፣ ያልበኛል፣ ከብት አረባለሁ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ይናገሩ። ክብደትዎ ቀንሶ ከሆነም ይጨምሩበት። ሐኪሙ ጀርባዎን አስገልጦ አከርካሪውን አጥንት በአጥንት እየተጫነና ቀስ ብሎ እየመታ ካልመረመረ፣ እንዲያደርግልዎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አንድ አጥንት ላይ ብቻ የሚቆም ሕመም ትልቅ ፍንጭ ነው። የደም ምርመራ፣ በተለይም ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚያመለክተው ኢኤስአር፣ የኤችአይቪና የብሩሴላ ምርመራ፣ የደረት ራጅ፣ የአከርካሪም ራጅ ከፊትና ከጎን፣ እነዚህ ከኤምአርአይ ዋጋ ጋር የሚነጻጸሩ አይደሉም። የብሩሴላ ምርመራ ጤና ጣቢያው ከሌለው ለሪፈር አንዱ ምክንያት እሱ ይሁን።

ኤምአርአይ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ከላይ የተዘረዘሩት ወደ ቲቢ ወይም ወደ ብሩሴሎሲስ ካመለከቱ፣ የቲቢ ጉዳት በራጅ ላይ ቶሎ ስለማይታይ፣ ያኔ ሐኪሙ ራሱ ያዝዘዋል፤ ተገቢም ነው። ሁለቱም በሽታዎች የሚድኑ ናቸው። ብሩሴሎሲስ ቢያንስ ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ ለ6 ሳምንት፣ አከርካሪ ሲነካ ደግሞ ቢያንስ ለ3 ወር ይታከማል፤ የአከርካሪ ቲቢ ከሳንባው ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፣ መድኃኒቱ ግን በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ይሰጣል።

እስከዚያ ዲክሎፌናክ መወጋቱን ያቁሙ፤ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ ትኩሳቱንም ስለሚያበርድ ምልክቱን ይሸፍናል። ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ መድኃኒት ተቀላቅሎ ተሰጥቶዎት ከሆነ ጉዳዩ የባሰ ነው፤ በሽታ የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክም ቲቢ ቢኖር እንዲስፋፋ ያግዛል። ወጌሻውም ምርመራው እስኪያልቅ ይቆይ፤ የላላ አጥንት ላይ መጫን ጉዳት ያስከትላል። እግርዎ ከዛለ፣ በብልትዎና በመቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘዎት ወይም ሽንት ካልወጣልዎት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

በመጨረሻም ወተቱን ቤትዎ ውስጥ ከዛሬ ጀምሮ አፍልተው ብቻ ይጠጡ፣ ለደንበኞችዎም እንዲያፈሉት ይንገሯቸው፤ ይህ ገበያ አያሳጣዎትም። የእንስሳት ሐኪም ላሞቹን ቢመረምርልዎ መልካም ነው። ከቤተሰብዎ ተመሳሳይ ትኩሳት ያለበት ካለ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያው አብሮዎት ይሂድ።