ሪክሾ ነጂዎች ያዋጡለት ዩኒቨርሲቲ፦ ስለ ሲንጋፖሩ ናንያንግ ጥያቄና መልስ

የሲንጋፖር ቻይናውያን በመዋጮ ስላቋቋሙት፣ በቻይንኛ ያስተምር ስለነበረው ናንያንግ ዩኒቨርሲቲ የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ የፈረንጆቹ ነው። ዶላር ያልኩትም የዘመኑን የማላያ ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ሲንጋፖር ውስጥ እንግሊዞች ያቋቋሙት ዩኒቨርሲቲ እያለ ቻይናውያኑ ሌላ ለምን ፈለጉ?

መልስ፦ በ1949 የተቋቋመው የማላያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበር። ቻይናውያኑ ደግሞ ለብዙ ዓመታት በራሳቸው መዋጮ አንደኛም ሁለተኛም ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከፍተው ልጆቻቸውን በቻይንኛ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከዚያ የጨረሰ ልጅ ድሮ ወደ ቻይና ተሻግሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባ ነበር። በ1949 ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን እንግሊዞቹ ወደዚያ የሄደ ተማሪ ተመልሶ እንዳይገባ በሩን ዘጉበት። ስለዚህ መማር የፈለገ ልጅ ከናት ከአባቱ ላይገናኝ መሄድ ነበረበት። ትምህርት ቤቶቹም አስተማሪ የሚያመጡበት ምንጭ ደረቀ።

ጥያቄ፦ ሐሳቡን ያመነጨው ማን ነው? መንግሥትስ ፈቀደ?

መልስ፦ ታን ላርክ ሳይ የሚባል የጎማ ነጋዴ ነው። በፉጂያን ግዛት ጂሜይ በምትባል መንደር ተወልዶ በወጣትነቱ ሲንጋፖር ገባ፤ በአገሩ ልጅ በታን ካህ ኪ ድርጅት ተቀጥሮ ንግዱን ተማረ። ታን ካህ ኪ በ1921 ቻይና ውስጥ የሺያሜን ዩኒቨርሲቲን በገንዘቡ ያቋቋመው ሰው ነው፤ ሠራተኛው ምሳሌውን ከየት እንዳገኘ ግልጽ ነው። ራሱ ታን ላርክ ሳይ ብዙ አልተማረም። የኮሪያ ጦርነት የጎማን ዋጋ ሲያንረው ግን ሀብቱ በጣም ገዘፈ። የፉጂያን ተወላጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ በጥር 1953 ሐሳቡን አቀረበ፤ ከኪሱ 5 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለ። ማኅበሩ ደግሞ ጁሮንግ አካባቢ ከ500 ኤከር በላይ መሬት ለገሰ። ቅኝ ገዢው መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ቻርተር ስላልሰጣቸው መጀመሪያ የተመዘገበው እንደ ኩባንያ ነው!

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሪክሾ ነጂዎች አዋጡ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ኋላ የተፈጠረ ተረት?

መልስ፦ እውነት ነው። በ1954 በእግራቸው የሚዘውሯትን ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል ይዘው ወጡና የአንድ ቀን ገቢያቸውን በሙሉ ሰጡ። ታክሲ ነጂዎች፣ የመንገድ ዳር ነጋዴዎች፣ የጭፈራ ቤት ሴቶች ሳይቀሩ እንዲሁ አደረጉ። እኔን ከገንዘቡ ይልቅ የሚገርመኝ የሰጪዎቹ ዓይነት ነው። የፉጂያኑ፣ የቴዎቹው፣ የካንቶኑ፣ የሃካው ተወላጅ በየቋንቋውና በየማኅበሩ ተለያይቶ የሚኖር፣ አንዳንዴም የሚጣላ ሕዝብ ነበር። ለዚህ አንድ ነገር ግን ሁሉም እጁን ዘረጋ። አብዛኛው ሰጪ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ረግጦ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ደራሲው ሊን ዩታንግ የመጀመሪያው ኃላፊ ነበር አይደል? ለምን ቶሎ ሄደ?

መልስ፦ በበጀትና በሥልጣን ተጣሉ። በጥቅምት 1954 መጣ፣ በሚያዝያ 1955 ለቀቀ። እሱ ያቀደው በአንድ ጊዜ ታላቅ የሚሆን፣ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ከሕዝብ የለመነውን ሳንቲም ይቆጥራል። ለእሱና አብረውት ለመጡት መምህራን የተከፈለውን ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ካሳ ታን ላርክ ሳይ ከራሱ ኪስ ሸፈነ። ትምህርቱ በመጋቢት 1956 ያለ እሱ ተጀመረ።

ጥያቄ፦ የኮሚኒስቶች ጎሬ ነበር ይባላል።

መልስ፦ ተማሪዎቹ ውስጥ የግራ ፖለቲካ ጠንካራ ነበር፣ ይህን መካድ አይቻልም። በ1963ቱ ምርጫ አንዳንድ ምሩቃን ለተቃዋሚው ባሪሳን ሶሲያሊስ ተወዳደሩ፤ ታን ላርክ ሳይ ደገፋቸው። ምርጫው መስከረም 21 ተደረገ፤ በማግስቱ መንግሥት ዜግነቱን ሊነጥቀው እንደሆነ አስታወቀ፣ በ1964ም ነጠቀው። በዚያው ዓመት ፖሊስ ግቢው ገብቶ ተማሪዎች አሰረ። ሰውየው በ1972 ሞተ። በእኔ ግምት ግን ጎሬ ማለት ማጋነን ነው፤ አብዛኛው ተማሪ የሚጨነቀው ዲግሪው እንጀራ ያበላው እንደሆነ ነበር።

ጥያቄ፦ ዲግሪው ለምን እውቅና አጣ? እስከ መቼስ?

መልስ፦ በ1959 ዩኒቨርሲቲውን እንዲመረምር በመንግሥት የተሰየመው የፕሬስኮት ኮሚሽን የመምህራን ቅጥሩንና አስተዳደሩን ተችቶ እውቅናውን አልደግፍም አለ። ትችቱ ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ዲግሪው ዋጋ የለውም በተባለ ቦታ ግን ጥሩ መምህር ማን ይቀጠራል? በ1965 በታሪክ ምሁሩ በዋንግ ጉንግዉ የሚመራ ኮሚቴ ሥርዓተ ትምህርቱ እንዲሻሻል ሐሳብ ሲያቀርብ ተማሪዎቹ አድማ መቱ። መንግሥት ዲግሪውን የተቀበለው በ1968 ነው። ከዚያ በፊት የተመረቁት የመንግሥት ሥራ ሲፈልጉ ከእንግሊዝኛው ምሩቅ ያነሰ ደመወዝ ይቀርብላቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ በ1980 የዘጋው ሊ ኳን ዩ ነው?

መልስ፦ ከሲንጋፖር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሕዶ የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ እንዲሆን የገፋው እሱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ነው፣ አዎ። በ1975 የማስተማሪያ ቋንቋው ወደ እንግሊዝኛ እንዲዞር ተደርጎም ነበር። ግን ወላጆችን አትርሱ። ሥራ የሚገኘው በእንግሊዝኛ መሆኑን ስላዩ፣ ቻይንኛ ወዳዱም ሳይቀር ልጁን እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ማስገባት ጀምሮ ነበር። ሁሉንም በሊ ላይ የሚያላክከው ክርክር አያሳምነኝም፤ ሊ ኳን ዩን ነፃ የሚያወጣውም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ብሄድ የማየው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። ግቢው ላይ በ1981 የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ በ1991 የዛሬው ናንያንግ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የድሮው አስተዳደር ሕንፃ የቻይናውያን ቅርስ ማዕከል ነው። ሰው የሚሳሳተው በድሮው የዩኒቨርሲቲው ቅስት በር ነው፦ ግቢው ውስጥ ያለው ቅጂ ነው፤ ዋናው በር ግን፣ መሬቱ ስለተቆራረሰ፣ ዛሬ ከግቢው ውጭ፣ የጁሮንግ ዌስት መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ቆሟል። የድሮዎቹ ምሩቃን መዝገብም በ1996 ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሯል።